በእኛ ክረምት የአላስካን ግግር በረዶ በመርከብ፦ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ዝርዝር መመሪያ

በሐምሌ አዲስ አበባ ዣንጥላ ይዛ ስትውል ደቡብ ምሥራቅ አላስካ በጋው ላይ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ በደሴቶቹ መካከል ተሳፋሪ ያመላልሳሉ። የተለመደው ጉዞ 7 ሌሊት ነው። አብዛኛው የዓለም ሰው መጀመሪያ መርከብ ይመርጣል፣ ቀጥሎ መስመር፣ በመጨረሻ ቪዛ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚሄደው፦ ቪዛው መስመሩን ይወስናል፣ መስመሩ ወደቡን፤ መርከቡ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ቅድመ ክፍያ የሚበላውም ይህን ቅደም ተከተል ሲዘሉት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መስመሩን በቪዛው መምረጥ

ሦስት ዓይነት መስመር አለ። አንደኛው ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል ይመለሳል፤ ሁለተኛው ከቫንኩቨር ተነስቶ ቫንኩቨር ይመለሳል፤ ሦስተኛው ከቫንኩቨር ተነስቶ አንኮሬጅ አቅራቢያ ባሉት ዊቲየር ወይም ሱዋርድ ወደቦች ያበቃል። ሦስተኛው በተቃራኒውም ይሄዳል።

የሲያትሉ ቀላል ይመስላል። አሜሪካ ገብቶ ከአሜሪካ ለሚወጣ ሰው የካናዳ ቪዛ ምን ያደርግለታል? ችግሩ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ፣ የሌላ አገር ወደብ ሳይነካ፣ ተሳፋሪውን መልሶ አሜሪካ ማራገፍ አይችልም። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሌላ አገር የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ ከሲያትል የሚነሳው መርከብ የግድ አንድ የካናዳ ወደብ ይነካል፤ ብዙውን ጊዜ ቪክቶሪያን፣ ያውም በመጨረሻው ምሽት ለጥቂት ሰዓታት። ካቢንዎ ውስጥ ተኝተው ቢያሳልፉትም የካናዳ ቪዛ ይጠየቃሉ። በማግስቱ ሲያትል ሲደርሱም አሜሪካ ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ ማለት ነው።

ጣጣው ያለው በዚያ ሁለተኛ መግቢያ ላይ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው ለ3 ወር የሚያገለግል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ካናዳ ደርሶ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለስና የመቆያ ፈቃዱ (አይ-94) ላልተቃጠለ ሰው የሚሠራ ድንጋጌ አለ። ነገር ግን የመሳፈሪያ ጠረጴዛው ሠራተኛ ድንጋጌውን ካላወቀው ወደብ ላይ የሚያስቀርዎ እሱ ነው። በሲያትል ለመሄድ የቆረጠ ሰው ከመርከብ ድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይዞ ይነሳ። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አግኝቶ ገና ያላለቀበት ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ለሌላው ሰው የምንመክረው ሦስተኛውን፣ ከቫንኩቨር ወደ ሰሜን የሚሄደውን ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ፣ ከቶሮንቶ 5 ሰዓት ያህል በረው ቫንኩቨር ይደርሳሉ። ካናዳ የገቡት አንድ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍተሻ የሚደረገው እዚያው ቫንኩቨር፣ ካናዳ ፕሌስ በሚባለው ወደብ ውስጥ፣ መርከቡ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ነው። አሜሪካም የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ዊቲየር ወርደው ከአንኮሬጅ በአገር ውስጥ በረራ፣ ከዚያ በሲያትልና በቺካጎ ወይም በዋሺንግተን በኩል አዲስ አበባ ይመለሳሉ። አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ።

የወረቀቱ ተራ

መጀመሪያ ፓስፖርትዎን ይዩ። ከመመለሻ ቀንዎ በኋላ ቢያንስ 6 ወር የማይቀረው ከሆነ ማደስ ይቅደም።

ቀጥሎ የካናዳ ቪዛ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር፣ ለአሻራና ፎቶ ደግሞ 85። አሻራውን እዚሁ አዲስ አበባ ይሰጣሉ። ሲፈቀድ ፓስፖርቱ ቪዛው እንዲለጠፍበት ይሄዳል፤ እስኪመለስ ለሌላ ነገር አይጠቀሙበትም። የካናዳው የሚቀድመው በሁለት ምክንያት ነው፦ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ረጅም ስለሆነ ቀድሞ ቢወጣ አይጎዳም፤ ደግሞም አንድ ፓስፖርት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። በማመልከቻው ላይ የጉዞ ዓላማ ሲጠየቁ ቫንኩቨር መርከብ ለመሳፈር እንደሆነ ይጻፉና የመርከቡን ማረጋገጫ ያያይዙ። «ጉብኝት» ብቻ ብሎ ማለፍ ፋይሉን ባዶ ያስመስለዋል።

የአሜሪካው መጨረሻ ላይ ይሁን። ዲኤስ-160 ቅጽ ይሞላል፣ 185 ዶላር ይከፈላል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ቃለ መጠይቁ እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው ኤምባሲ ነው። ስልክና ቦርሳ ቤት ይቅር። ሲወጡ ሽሮ ሜዳ እዚያው አጠገብ ነው፤ ነጠላ መግዣ ጊዜ ካለዎት።

እዚህ ላይ ሒሳቡን በእርሳስ ይሥሩት። ቪዛው ለ3 ወር ይሠራል ሲባል፣ በ3 ወሩ ውስጥ መግባት አለብዎ ማለት ነው፤ ስንት ቀን እንደሚቆዩ የሚወስነው ሲገቡ ያገኙት ሹም ነው። መግቢያዎ ካናዳ ፕሌስ የሚደርሱበት ቀን ነው። ስለዚህ ቪዛው የሚወጣው ከመርከቡ ቀን በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት። የመርከብ ድርጅቶች ደግሞ ሙሉውን ክፍያ የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ መርከቡ ሊነሳ 90 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ቪዛው ሳይታወቅ ገንዘቡ ይፈለጋል ማለት ነው። ከዚህ መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ቅድመ ክፍያው የሚመለስበትን የዋጋ ዓይነት ይዞ፣ የስረዛ ቅጣት ሰንጠረዡን ማንበብና ቃለ መጠይቁ ቅጣቱ ከመክበዱ በፊት እንዲውል ማድረግ ነው። ሌላው ቪዛው እጅ ከገባ በኋላ፣ 6 ወይም 7 ሳምንት ሲቀረው፣ የተረፈ ካቢን መግዛት ነው። ሁለተኛው በሰኔና በሐምሌ ምርጫ ያሳጣል፤ በግንቦትና በመስከረም ግን ጥሩ ይሠራል። የቪዛ ደንብ ቶሎ ቶሎ የሚቀየርበት ጊዜ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እንደገና ይክፈቱ።

የማይመለስ ትኬት ከቪዛ በፊት አይግዙ። ኤጀንት «ቦታ ያልቃል» ሲል የሚያልቀው የእሱ ቅናሽ ነው።

ገንዘብ

የካቢን ዋጋ የሚነገረው ለአንድ ሰው ነው፣ ግን ሁለት ሰው ገብቶበት ነው። ብቻውን የሚሄድ እስከ እጥፍ ይከፍላል። በዚያ ላይ የወደብ ክፍያና ግብር፣ በቀን በነፍስ ወከፍ ከ15 ዶላር በላይ የሚሄድ የሠራተኛ ጉርሻ፣ በየወደቡ የሚገዛ ጉብኝት አለ።

ባንክ ለተጓዥ ዶላር የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ነው። የባንኩን ደረሰኝ አይጣሉት፤ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ሲጠይቅ የሚያሳዩት እሱን ነው። መርከቡ ላይ ሁሉም ነገር በካቢን ካርድ ይመዘገብና መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ሲገቡ የባንክ ካርድ ካስመዘገቡ ድርጅቱ በየጊዜው ከሒሳብዎ ላይ ገንዘብ ይይዛል፤ የተያዘው ቶሎ አይለቀቅም፣ ስለዚህ ጥቂት ዶላር ብቻ ያለበት ካርድ መሐል ላይ ባዶ ይሆናል። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያ ሄዶ በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ነው፤ የተረፈው በመጨረሻው ሌሊት ይመለሳል።

የትኛው ግግር?

ማስታወቂያው ላይ «የግግር በረዶ ጉብኝት» የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። የጉዞ ሰሌዳው ላይ የቦታውን ስም ይፈልጉ።

ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ ካለበት እሱን ይምረጡ። በቀን ከሁለት በላይ ትልቅ የሽርሽር መርከብ አይገባበትም፤ ከፈቃዶቹ ብዙዎቹ በሆላንድ አሜሪካና በፕሪንሰስ የመርከብ ድርጅቶች እጅ ናቸው። በ1750 ገደማ የባሕረ ሰላጤው ስፍራ በሙሉ በረዶ ነበር። በ1794 የካፒቴን ቫንኩቨር ሰዎች ሲያልፉ ያዩት የበረዶ ግድግዳና ትንሽ ጎድጓዳ ብቻ ነው። በ1879 የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሙር ሲደርስ በረዶው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አፈግፍጓል። ዛሬ መርከቡ ወደ 105 ኪሎ ሜትር ዘልቆ ይገባል። መግቢያው ላይ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቁጥቋጦ፣ መጨረሻ ላይ ራቁት ድንጋይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፦ በረዶው የለቀቀበት ዕድሜ በደኑ ቁመት ይነበባል። መጨረሻ ላይ ያለው ማርጀሪ ግግር 34 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1.6 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከውሃው በላይ 76 ሜትር ያህል ቆሞ ይታያል። እዚያው ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ሰርጥ ከሜይ 1 እስከ ኦገስት 31 ለሽርሽር መርከብ ዝግ ነው፤ የባሕር ውሾች በተንሳፋፊው በረዶ ላይ የሚወልዱበት ወቅት ነው። እሱን ማየት የሚፈልግ መስከረም ይጠብቅ።

ሃባርድ ግግር ሁለተኛው ምርጫ ነው። 122 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ሌሎቹ ሲያፈገፍጉ እሱ ወደፊት እየገፋ ነው። በ1986 እና በ2002 ረስል ፊዮርድ የሚባለውን የባሕር ሰርጥ ዘግቶ ሐይቅ አድርጎት ነበር። ፊቱ ላይ ተንሳፋፊ በረዶ ስለሚበዛ አንዳንድ ቀን መርከቡ ሩቅ ቆሞ ይመለሳል፤ ለዚህ ገንዘብ አይመለስም።

ትሬሲ አርም የሚባለው የባሕር ሰርጥ ጠባብና ውብ ነው፣ ግን ኦገስት 10 ቀን 2025 ከደቡብ ሳውየር ግግር አጠገብ ተራራ ተንዶ ግዙፍ ማዕበል አስነስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርከቦች ወደ ጎረቤቱ ኤንዲኮት አርም ዞረዋል። የሚሸጥልዎ ሰሌዳ አሁንም ትሬሲ አርም የሚል ከሆነ ይጠይቁ።

ወርና ልብስ

ግንቦትና ሰኔ ደረቅ ናቸው፣ ተራራው ላይ በረዶ አለ፣ ዋጋውም በግንቦት ይቀንሳል። ሐምሌና ነሐሴ ሞቃታማዎቹ ናቸው፤ ሳልሞን ወንዝ ይወጣል፣ ድብ ይከተለዋል። መስከረም ዝናቡ ይብሳል።

ከመንገዱ ወደቦች አንዱ ጁኖ በሐምሌ ቀን ላይ 17 ወይም 18 ዲግሪ፣ ሌሊት 10 ገደማ ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው የለመደው ሐምሌ ነው፤ ፒያሳ ላይ የሚለብሱት ሹራብና ጃኬት ለከተማው ይበቃል። የማይበቃው ለመርከቡ ጫፍ ነው። መርከቡ ሲሄድ የሚፈጥረው ነፋስና ከበረዶው ላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሲጣመሩ፣ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ጣቱ ስልክ መንካት ያቅተዋል። ዝናቡም ሌላ ነው። ሌላው ወደብ ኬቺካን በዓመት 3,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል፤ አዲስ አበባ ከዚያ ሲሶውን ያህል ነው።

ሦስት ንብርብር ይልበሱ፦ ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር ካናቴራ፣ መሐል ሹራብ፣ ላይ ቆብ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጥጥ ከሥር አይልበሱ፤ ከረጠበ አይደርቅም። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ዝናብ በሌለበት በረንዳ ላይ ግን የሚስተካከለው የለም። ዣንጥላ ይቅር፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ቀጭን ጓንት፣ የሱፍ ቆብ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይያዙ። ጃኬቱን በአዲስ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም፤ መርካቶ ሳልባጅ ውስጥ የአውሮፓ የበረዶ ጃኬት ይገኛል። ሲመርጡ ውስጡን ገልብጠው ስፌቶቹ በፕላስተር የታሸጉ መሆናቸውን ይዩ፤ ፕላስተሩ እየተላጠ ከሆነ ያስገባል፣ ይተዉት። እዚያው ሱቅ ቆመው እጅጌው ላይ ውሃ ማፍሰስ ነውር የለውም።

የርቀት መነጽር 8 እጥፍ የሚያቀርበው (8x42) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው በሚንቀጠቀጥ መርከብ ላይ ምስሉን ያዘልለዋል። የተቆላ ቡናና ደረቅ በርበሬ ይዞ መግባት ይቻላል፣ ቋንጣ ግን ይወሰዳል። ምድጃና መሰል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ መርከቡ ላይ ክልክል ስለሆነ ጀበናው ቤት ይቆይ።

መርከቡ ላይ

ካቢን ሲመርጡ ወደ መሐልና ወደ ታች ያለውን ይውሰዱ፤ ሞገድ ሲመጣ ብዙ የሚወዛወዘው ጫፉና ላይኛው ፎቅ ነው። በደሴቶቹ መካከል ያለው መንገድ የተከለለ ነው፤ የሚያስቸግሩት ክፍት ቦታዎቹ ናቸው፣ በተለይ የቫንኩቨር ደሴት እንዳለቀና ወደ ሰሜን ሲሻገሩ የአላስካ ባሕረ ሰላጤ። የማቅለሽለሽ ክኒን ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ ክፍት ውሃ ከመድረስዎ ከአንድ ሰዓት በፊት ይውሰዱት። ዝንጅብል ለቀላሉ ይሆናል።

በረንዳ ላለው ካቢን ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቃል። ለግግሩ ቀን ሲባል ከሆነ አይክፈሉ፤ መርከቡ በረዶው ፊት ቆሞ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሁለቱም ጎን ያያል።

ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። አላስካ ከቫንኩቨር አንድ ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስልክዎ በየወደቡ ራሱን ሊቀይር ይችላል፤ የሚታመነው የመርከቡ ሰዓት ነው። «16፡30 ሁሉም ይሳፈር» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ 4 ሰዓት ተኩል ብሎ ያነበበ ሰው ምሽት ነው ብሎ ሲዝናና መርከቡ ያመልጠዋል። ጁኖ ላይ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትወጣውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ስለሆነ ብርሃኑን አይተው ጊዜ አይገምቱ። የሶላት ሰዓትም በዚሁ መጠን ስለሚዘረጋ አስቀድመው ሰሌዳ ያውርዱ።

በነሐሴ የሚሄድ ጾመኛ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። ምግቡን «ቪጋን» ብሎ ከመሳፈሩ ከ30 እስከ 60 ቀን በፊት ያስመዝግብ፤ በመጀመሪያው ማታ ደግሞ አስተናጋጁን ይንገር። በአንድ ቀን ቀድሞ የሚነገረው ወጥ ቤት የተለየ ምግብ ይሠራል፤ ድንገት የተጠየቀ ወጥ ቤት ሰላጣ ያመጣል። ሐላልም እንደዚሁ ቀድሞ ይጠየቃል።

ስልክዎን ባሕር ላይ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ያድርጉ። መርከቡ የራሱ የሳተላይት ኔትወርክ አለው፤ ሮሚንግ ክፍት ከሆነ ሒሳቡ ሳይታወቅ ይቆጥራል።

የግግሩ ቀን

ግሌሸር ቤይ ላይ ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች በጀልባ መጥተው መርከቡ ላይ ይወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። መርከቡ መሬት አይጠጋም፣ ማንም አይወርድም። ትልቁ ግግር ፊት የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን ገደማ ነው።

ጠዋት በደንብ ይብሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወረፋ ውስጥ እንዳይገቡ። በሌላ ጊዜ ዝግ የሆነው የመርከቡ የፊት ጫፍ ለዚህ ቀን ይከፈታል፤ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀድመው ቦታ ይያዙ። ብርድ ካሸነፈዎ ወደ ኋላኛው ጫፍ ይሂዱ። ነፋሱ ያነሰ፣ ሰውም የሳሳ ነው፤ መርከቡ ሲዞር በረዶው ራሱ ወደ እርስዎ ይመጣል።

በረዶው ሲቆረስ ድምፁን ጠብቆ ካሜራ የሚያነሳ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ከቆሙ 3 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ያኔ ቁራጩ ውሃ ውስጥ ነው። ትንንሽ ፍርፋሪ የሚረግፍበትን አንድ ቦታ ይምረጡና ዓይንዎን እዚያ ያቆዩ። ትልቁ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ይከተላል። ፎቶው ላይ በረዶው ግራጫ ከሆነብዎ ካሜራው ነጩን አይቶ አጨልሞታል፤ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። ሰማያዊው ቀለም የእውነት ነው፦ ከክብደቱ የተነሳ አየሩ የወጣለት በረዶ ቀዩን ብርሃን ይመጥና ሰማያዊውን ይለቃል። ደመናማ ቀን ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል፤ ጥቁር ሰማይ አይተው አይዘኑ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን ደረት ኪስ ውስጥ ይያዙ።

ወደቦቹ

ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ነው፤ መኪና መንገድ ከሌላ ቦታ አያገናኘውም። ሜንደንሆል ግግር ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አውቶቡስ አለ፤ ውድ ጉብኝት መግዛት አያስፈልግም። ገንዘብዎን ለዓሣ ነባሪ ጀልባ ያስቀምጡ፤ ጎባጣው ዓሣ ነባሪ በጋውን እዚያ ሲመገብ ይከርማል።

ስካግዌይ ላይ የሚታየው የኋይት ፓስ ባቡር ነው። ከ1898 እስከ 1900 ተሠራ፣ ሐዲዱ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእኛ የለገሃሩ አሮጌ መስመር (1 ሜትር) እንኳ ይጠባል። በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ 873 ሜትር ይወጣል። አስጎብኚው ስለ ከፍታው ሲያስጠነቅቅ 2,300 ሜትር ላይ የሚኖር ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቲኬት ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፦ እስከ ጫፉ ደርሶ ሳያወርድ የሚመለሰውን ብቻ ይውሰዱ። ወደ ካናዳ ዘልቆ የሚያወርደው ባቡርና አውቶቡስ ከአሜሪካ ያስወጣዎታል፤ አንድ ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ ደግሞ ያ ጣጣ ነው።

ኬቺካን ላይ ጃኬቱን ይልበሱና በእግር ይዙሩ።

መውረጃው

ዊቲየር ላይ የሚወርዱት ጠዋት ነው፣ ግን ከተማዋን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው 4.1 ኪሎ ሜትር ዋሻ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ባቡርና መኪና በፈረቃ፣ አቅጣጫም በተራ ይሄዱበታል። አውቶቡሱ ተራውን ጠብቆ አንኮሬጅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከአንኮሬጅ የሚነሳ በረራ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አይያዙ፤ ከሱዋርድ ከሆነ 200 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ማታ ይሁን። የአገር ውስጡንና የአዲስ አበባውን በረራ በአንድ ትኬት ያስቆርጡ፦ የመጀመሪያው ቢዘገይ የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ይሆናል፣ ሻንጣውም ቦሌ ድረስ ያልፋል።